ስለተራዘመው ቀጠሮ፤ ባለፈው ረመዳን ላልነው ነገር እርማት

 እነሆ የ1444ኛው ዓመተ ሒጅራ ረመዳን እኩሌታው ላይ ደርሰናል። ከተራዊሕ ስትመለሱ ቀና ብላችሁ ካያችሁ ጨረቃዋ በዚህ ሳምንት ሞልታለች። በዚህ ገጽ እንድንጽፍ ስንጠየቅ ስለ ዘካተል ፊጥር ልናነሳ አስበን ነበር። ነገር ግን ካለፈው ረመዳን ጀምሮ አንገታችን ላይ የቆየ ዕዳ ስላለብን እሱን ማስቀደም መረጥን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት በረመዳን አጋማሽ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ በምንሰጠው ደርስ ላይ የጨረቃ ነገር ተነሳ። ከወጣቶቹ አንዱ በስልኩ ያነበበውን ዜና አመጣ። አሜሪካኖች ሰው ያልተሳፈረበት መንኮራኩር ወደ ጨረቃ ለመላክ ሲዘጋጁ ልምምዱ ለሦስተኛ ጊዜ ተቋረጠ አለን። እኛም ፈገግ ብለን፣ «የአላህ ጨረቃ ቀጠሮዋን አንድም ቀን አዛብታ አታውቅም፤ እነሱ ግን ገና ከደጃቸው መነሳት አቃታቸው» አልን። ጀመዓው ሳቀ። እኛም በተናገርነው ደስ ሳይለን አልቀረም።

በአውሮፕላን ጥገና ሥራ የሚተዳደር አንድ የጀመዓችን ጎልማሳ ግን አልሳቀም። ሰዉ እስኪበተን ጠብቆ ቀረበንና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሸይኻችን፣ አፉ ይበሉኝና፣ እኛ ዘንድ በረራ ባስቀረ ሠራተኛ አይሳቅም። እኛን እንቅልፍ የሚነሳን የዘገየው አይደለም፤ መነሳት ሳይገባው የተነሳው ነው» አለን። ለጊዜው መልስ አልነበረንም። መግሪብም ደርሶ ስለነበር በቴምር ተገላገልን።

ከዚያ በኋላ ግን ነገሩን ዓመቱን ሙሉ ተከታተልነው። በዐረብኛ የተጻፈውን ራሳችን፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ልጆቻችን እያነበቡልን። ዛሬ የምንጽፈው ከዚያ ያገኘነውን ነው።

መጀመሪያ ያስገረመን የቀኑ መገጣጠም ነው። ባለፈው ዓመት መጋቢት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ዓርብ ማታ፣ ሂላል መታየቱ ተሰምቶ የመጀመሪያውን ተራዊሕ ሰግደን ወደየቤታችን ገባን። በዚያው ሌሊት፣ በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ፣ በፍሎሪዳ የኬኔዲ የጠፈር ማዕከል ሠራተኞች ወደየቦታቸው ተጠርተው የሁለት ቀን የኋልዮሽ ቆጠራ ጀመሩ። ሮኬቱን በነዳጅ ሞልተው፣ ሞተሩን ከማስነሳት በቀር እንደ እውነተኛው ቀን ሁሉን ነገር የሚሠሩበት ልምምድ ነበር። የበረራው ስም አርቴሚስ 1፣ የመንኮራኩሩ ስም ኦሪዮን ነው። ቁመቱ 98 ሜትር የሆነው ያ ሮኬት ከመገጣጠሚያው ሕንጻ እስከ ማስወንጨፊያው ያለውን 6 ኪሎ ሜትር ተኩል የማይሞላ መንገድ ለመሄድ ከ10 ሰዓት በላይ ፈጅቶበት ነበር። ሰው በእግሩ ቢሄድ በስንት እጥፍ ይቀድመዋል!

እኛ ረመዳንን አንድ ብለን በያዝንበት ቅዳሜ በማስወንጨፊያው ላይ መብረቅ ወረደ። አራት ጊዜ ወረደ። ከአራቱ አንደኛው አዲሱ የመብረቅ መከላከያ ከተተከለ ወዲህ በስፍራው ከተመዘገቡት ሁሉ የበረታ ነበር። ረመዳን 2 ላይ፣ አደገኛ ጋዝ ወደ ማማው ክፍሎች እንዳይገባ አየር የሚገፉት ማራገቢያዎች ስለተበላሹ ነዳጅ መሙላቱ ቀረ። ረመዳን 3 ላይ ደግሞ፣ በማማው ላይ ክፍት መሆን የነበረባቸው በእጅ የሚዞሩ ቫልቮች ተዘግተው ተገኙ። ይህን ስናነብ፣ የመስጊዳችን የውሃ ታንከር ቫልቭ ተዘግቶ ጀመዓው ሁሉ ለውዱእ የተሰለፈበት የጁሙዓ ቀን ትዝ አለን። የሰው ልጅ ወደ ጨረቃም ሲሄድ ያው የሰው ልጅ ነው።

ሦስተኛው ሙከራ ረመዳን 13 ላይ ነበር፤ እኛ የቀለድንበት እሱ ነው። ያን ቀን ያስቆማቸው የሃይድሮጂን መፍሰስ ነው። ይህን ትንሽ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ጎልማሳው የተናገረው ነገር የገባን እዚህ ላይ ነውና።

ዋናው የሮኬቱ አካል የሚነዳው በፈሳሽ ሃይድሮጂንና በፈሳሽ ኦክስጂን ነው። ሁለት ሚሊዮን ሊትር ያህል ሃይድሮጂን፣ ከ700 ሺህ ሊትር በላይ ኦክስጂን ይሞላበታል። ሃይድሮጂን ፈሳሽ ሆኖ እንዲቆይ ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ መቀዝቀዝ አለበት። በተፈጥሮ ካሉት ሁሉ ቀላሉና ደቃቁ ንጥረ ነገር ስለሆነ ሌላው ጋዝ የማያልፍበትን ቀዳዳ ያልፋል። በዚያ ቅዝቃዜ ደግሞ ብረቱ ይኮማተራል፤ በመጋጠሚያው ያለው ጓርኒሲዮንም ይደርቃል። እናቶቻችን ሳምቡሳ ሊጠብሱ አዲስ የጋዝ ሲሊንደር ሲገጥሙ አንገቱ ላይ የሳሙና አረፋ ቀብተው ይፈስ እንደሁ ያያሉ። ያ ሥራ በ20 ሳንቲ ሜትር ቱቦ፣ በዚያ ብርድ፣ ሰው ሊጠጋው በማይችልበት ቦታ ሲሠራ አስቡት። በአየር ውስጥ ያለው ሃይድሮጂን ከመቶ 4 እጅ ከደረሰ ለመቀጣጠል አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች።

እናም ቆሙ። ረመዳን 25 ላይ ሮኬቱን በዚያው የኤሊ እርምጃ ወደ ሕንጻው መለሱት። እኛ የመጨረሻዎቹን አሥር ሌሊቶች ስንቆም እነሱ ጓርኒሲዮንና ቫልቭ ሲፈቱ ነበር። ነዳጁን በግፊት በሚረዳው የሂሊየም ጋዝ መስመር ላይ አንዱ ቫልቭ አልዘጋም ብሎ አስቸግሯቸው ነበር፤ ሲፈቱት የተሰነቀረችበት አንዲት ትንሽ የጎማ ቁራጭ ሆና ተገኘች። ሰኔ 13 ቀን ልምምዱን ደግመው ቆጠራውን እስከ 29 ሰከንድ አደረሱት። ከዚያ በኋላ የእውነተኛው ቀን ቀጠሮ ተያዘ።

አንባቢ «ታዲያ ከተጠገነ በማግስቱ ለምን አይነሳም?» ይል ይሆናል። እኛም ብለን ነበር። መልሱን ስናገኝ ግን ወደ ልጅነታችን መለሰን። ወሎ ውስጥ ኪታብ ስንቀራ ሸይኻችን ከፊቅሁና ከነሕዉ ጎን ለጎን ጥቂት ዒልመል ፈለክ ያስተምሩን ነበር። ሌሊት ከደጅ አውጥተው የጨረቃን ሃያ ስምንት መናዚል፣ ማለትም በየሌሊቱ የምታድርባቸውን ማረፊያዎች፣ ከኮከቦቹ ጋር ያሳዩናል። ዛሬ በዚህች ካደረች ነገ በዚያች ታድራለች እያሉ በበትራቸው ያመለክቱ ነበር። ቁርኣንም በሱረቱ ያሲን ስለ እነዚያ ማረፊያዎች ይነግረናል፤ በሱረቱል በቀራም የጨረቃ መውጣት ለሰዎች የጊዜና የሐጅ መለኪያ መሆኑን። የሮኬት ሰዎችም ሒሳባቸው የሚጀምረው ከዚያው ነው። ጨረቃ በየቀኑ ወደ 13 ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ ትጓዛለች። ስለዚህ መንኮራኩሩ የሚላከው ዛሬ ወዳለችበት አይደለም፤ ከአምስት ቀን በኋላ ወደምትገኝበት ባዶ ስፍራ ነው። መንኮራኩሩና ጨረቃዋ እዚያ መገናኘት አለባቸው።

በዚያ ላይ ሌላው ይታከላል። ኦሪዮን ኃይል የሚያገኘው ከፀሐይ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ከ90 ደቂቃ በላይ በጥላ ውስጥ እንዲቆይ የሚያደርግ መንገድ አይፈቀድም። ሲመለስም ባሕር ላይ የሚወድቀው በቀን ብርሃን መሆን አለበት፤ አንሺዎቹ እንዲያዩት። እነዚህ ሁሉ ሲገናኙ በአንድ የጨረቃ ወር ውስጥ በሩ ሁለት ሳምንት ያህል ክፍት፣ ሁለት ሳምንት ያህል ዝግ ይሆናል። ክፍት በሆነበት ቀንም የሚፈቀደው ከሁለት ሰዓት የማይበልጥ ጊዜ ነው። አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ሮኬቱ መንገድ ቢስት ከሰው በላይ ሳይደርስ በአየር ላይ የሚያፈነዳው መሣሪያ አለው። የዚያ መሣሪያ ባትሪ በ25 ቀን ውስጥ እንደገና መፈተሽ ነበረበት፤ ፍተሻው ደግሞ በሕንጻው ውስጥ ብቻ ይደረግ ነበር። ስለዚህ አንድ ቀን ያመለጠ ቀጠሮ አንድ ወር ሊበላ ይችላል። እኛ የሐጅ ወራት ካለፈ ዓመት የምንጠብቅ ሰዎች ነንና ይህ ሊገባን ይገባ ነበር።

ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያው ቀጠሮ ደረሰ። የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ሳይቀሩ ሊያዩ መጥተዋል፤ የባሕሩ ዳርቻ በሰው ተሞልቷል። ከአራቱ ሞተሮች ሦስተኛው በሚፈለገው መጠን አልቀዘቀዘም የሚል ምልክት መጣ። ቀረ። በኋላ ሲመረመር ሞተሩ ደኅና ሆኖ የዋሸው ሴንሰሩ ኖሯል። ነሐሴ 28 እንደገና ሞከሩ፤ ያ ሃይድሮጂን በዚያው መጋጠሚያ ፈሰሰ። ሦስት ጊዜ ጓርኒሲዮኑን በቦታው ለማስቀመጥ ሞከሩ፤ እምቢ አለ። የማስወንጨፉ ኃላፊ ቻርሊ ብላክዌል ቶምሰን የተባለች ሴት ናት፤ በዚያ ማዕከል ይህን ኃላፊነት በመያዝ የመጀመሪያዋ ሴት ነች። ዓለም ሁሉ እያየ ሁለት ጊዜ «አይሆንም» ያለችው እሷ ናት።

እስቲ ራሳችንን በእሷ ቦታ እናስቀምጥ። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ሕግ ሮኬቱ በ2016 መጨረሻ ዝግጁ እንዲሆን ያዝዝ ነበር። ስድስት ዓመት ዘግይቷል። የናሳ ዋና ተቆጣጣሪ ፖል ማርቲን ለምክር ቤቱ ቀርበው አንዱ በረራ 4.1 ቢሊዮን ዶላር እንደሚፈጅና ይህም ሊዘለቅ የማይችል መሆኑን ከተናገሩ ገና ስድስት ወራቸው ነው። በዚህ ሁሉ ጫና ላይ ሁለት ሚሊዮን ሊትር ሃይድሮጂን ሞልቶ መልሶ መድፋት ቀላል አይደለም። ስለ ገንዘቡ ብዛት የሚጠይቁን አሉ፤ ለራባቸው ሰዎች ምነው አልዋለ ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በአገራቸውም የሚጠይቁት ብዙ ናቸው። የእኛ ጉዳይ ግን ዛሬ ሌላ ስለሆነ እናልፈዋለን።

በመስከረም ሦስተኛው ቀጠሮ ሲቃረብ ኢያን የተባለው አውሎ ነፋስ ወደ ፍሎሪዳ አቀና። መስከረም 17 ቀን 2015 ዓ.ም. የታሰበው በረራ ቀርቶ በዚያው ዕለት ሮኬቱ ሕንጻው ውስጥ ተጠለለ። በኅዳር መባቻ ሌላ አውሎ ነፋስ፣ ኒኮል፣ መጣ። በዚህ ጊዜ ሮኬቱ ከማስወንጨፊያው ሳይመለስ እዚያው እንደቆመ ነፋሱን አሳለፈ። በኦሪዮን ዙሪያ ከተለጠፈው ማሸጊያ የተወሰነው ተገሽልጦ ነበር፤ መርምረው በረራውን አያሰናክልም አሉ። እውነቱን ለመናገር ይህን ውሳኔ ስናነብ «እስካሁን ታግሠው አሁን ቸኮሉ» ብለናል። ጎልማሳውን ብንጠይቀው ግን፣ «ፈርቶ ማስቀረትም መርምሮ መፍቀድም የአንድ ሥራ ሁለት እጆች ናቸው» አለን። እኛ አሁንም ቢሆን መመለሱን በወደድን ነበር።

ኅዳር 7 ሌሊት፣ የበረራው ቆጠራ እየተገባደደ ሳለ፣ ሃይድሮጂኑ እንደገና መፍሰስ ጀመረ። በዚህ ጊዜ ከሌላ ቫልቭ ነው። ሦስት ሠራተኞች ነዳጅ ወደ ሞላው ሮኬት እግር ሄደው ብሎኖቹን በቁልፍ አጠበቁ። ያ ሁሉ ኮምፒዩተር ባለበት ዓለም ነገሩ በመጨረሻ የሦስት ሰው እጅና አንድ ቁልፍ ላይ ወደቀ። ቀጥሎ ደግሞ ሮኬቱን በሚከታተለው ራዳር በኩል የመገናኛ መሣሪያ ተበላሽቶ እስኪለወጥ ተጠበቀ። በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 3፡04 የተከፈተው በር ሊዘጋ ከአንድ ሰዓት የሚበልጥ ሲቀረው፣ ልክ በ3፡47 ተነሳ። በዚያ ሰዓት ልጆቻችን መድረሳ ነበሩ፤ ከመካከላቸው አንዱ ስልክ ደብቆ ገብቶ እንደተመለከተ በኋላ ሰምተናል።

በረራው ራሱ ባጭሩ ይነገራል። በአምስተኛው ቀን ከጨረቃ ገጽ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ቀርቦ አለፈ። ኅዳር 19 ከመሬት 432 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ደረሰ፤ ሰው እንዲጭን የተሠራ መንኮራኩር ያን ያህል ርቆ አያውቅም። በአዛዡ ወንበር ላይ የተቀመጠው አሻንጉሊት ሲሆን ስሙ በአርቱሮ ካምፖስ ተሰይሟል። ካምፖስ በ1970 እ.ኤ.አ. አፖሎ 13 መንገድ ላይ ተበላሽታ ሳለ ሦስቱ ጠፈርተኞች በሕይወት እንዲመለሱ ከረዱት መሐንዲሶች አንዱ ነው። ከአሻንጉሊቱ ጎን ሄልጋና ዞሃር የተባሉ ሁለት የሴት አካል ቅርጾች ጨረር ሊለካባቸው ተቀምጠዋል። ታኅሣሥ 2 ቀን ምሽት ከሃያ አምስት ቀን ተኩል ጉዞ በኋላ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ ወረደ። መዘግየቱ ያለ ዋጋም አልነበረም። አብረው ከተጫኑት 10 ትንንሽ ሳተላይቶች የአንዳንዶቹን ባትሪ ዳግም መሙላት አልተቻለም፤ ከሥራ ውጪ የሆኑም አሉ። ወጣት ተማሪዎችና ተመራማሪዎች ስንት ዓመት የደከሙባቸው ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ባለፈው ሰኞ፣ ረመዳን 12፣ ኢፍጧር ሊደርስ ከግማሽ ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ ሲቀረው፣ ናሳ በሚቀጥለው በረራ የሚሳፈሩትን አራት ሰዎች ስም አሳወቀ፤ ሪድ ዋይዝማን፣ ቪክተር ግሎቨር፣ ክሪስቲና ኮክ እና ካናዳዊው ጄሬሚ ሃንሰን። በዚያን ጊዜ በነበረው ዕቅድ ከኅዳር 2017 ዓ.ም. በፊት አይነሱም ነበር፤ ጨረቃን ዞረው በ10 ቀን ገደማ እንዲመለሱ ታስቦ ነበር። አሻንጉሊቱ የተቀመጠበት ወንበር ላይ ሰው ይቀመጣል፤ ቤት፣ ልጅ፣ የሚጠብቀው ቤተሰብ ያለው ሰው።

ከዚህ ስም ማሳወቅ አንድ ወር ቀደም ብሎ ደግሞ ሌላ ነገር ተገልጧል። ኦሪዮን ሲመለስ በሰዓት 40 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ ወደ አየር ገባ፤ ከሥሩ ያለው 5 ሜትር ስፋት ያለው የሙቀት መከላከያ 2,700 ዲግሪ ያህል ሙቀት ገጠመው። መከላከያው እየከሰለ እንዲያልቅ ተብሎ የተሠራ ነው። ነገር ግን ከታሰበው በተለየ መንገድ ቁራጭ ቁራጭ እየሆነ የረገፈበት ቦታ ተገኝቷል። መንኮራኩሩ በደኅና ቢወርድም ምክንያቱን ሳያውቁ ሰው አይጭኑም፤ በ2015 ዓ.ም. እየመረመሩት ነበር። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ያወቁት አሻንጉሊት ስለላኩ ነው። ያ በረራ ባይኖር ኖሮ ይህን ለማወቅ የመጀመሪያዎቹ እነዚያ አራት ሰዎች በሆኑ ነበር።

በዚህ ረመዳን ልጆች በብዛት የሚጠይቁን አንድ ጥያቄ አለ፤ ጠፈር ላይ ያለ ሙስሊም እንዴት ይፆማል? ጥያቄው የምናብ አይደለም። የተባበሩት ዐረብ ኤሚሬቶች ተወላጅ ሱልጣን አል ነያዲ በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት ወር ጀምሮ በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ ነበር። ከመሄዱ በፊት ተጠይቆ፣ መንገደኛ ስለሆነ ፆሙ ግዴታው እንዳልሆነ መልሷል፤ ፊቅሁም ይህንኑ ይላል፣ በኋላ ያወጣዋል። ከእሱ በፊት የሳዑዲው ልዑል ሱልጣን ቢን ሰልማን በሰኔ 1977 ዓ.ም. የተጓዘው በረመዳን መጨረሻ ነበር። የማሌዥያው ሼኽ ሙስዘፋር ሹኩርም በ2000 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በረመዳን ሲሄድ፣ የአገሩ ዑለማዎች የሶላት ሰዓቱን በተነሳበት ስፍራ እንዲቆጥር፣ ቂብላውንም በቻለው መጠን እንዲፈልግ መመሪያ አዘጋጅተውለታል። ራሺድ የተባለችው የኤሚሬቶች ትንሽ ተሽከርካሪም በጃፓን መንኮራኩር ተጭና በ2015 ዓ.ም. ጨረቃን እየዞረች የማረፊያ ቀኗን ትጠብቅ ነበር። የተነሳችው ኦሪዮን ውቅያኖስ ላይ በወረደበት ዕለት ነበር።

ባለፈው ሳምንት፣ ዓምና በቀለድንበት በዚያው ከዐስር በኋላ በሚሰጠው ደርስ ላይ፣ ጎልማሳው ባለበት ስህተታችንን ለጀመዓው ተናግረናል። ጨረቃ ቀጠሮዋን አለማዛባቷ እውነት ነው፤ ያንን ግን ሊጠነቀቁ በቆሙ ሰዎች ላይ መሳለቂያ ማድረጋችን ስህተት ነበር። ግመሏን ሳታስር ተወከልኩ አትበል የሚለውን ትምህርት ስንት ጊዜ ከሚንበር ላይ ተናግረነዋል! እነሱ ገመዱን ሲፈትሹ ስናይ ሳቅን። ጎልማሳው አቀርቅሮ ሰማን፤ ሲወጣም እንደ ዓምናው አልቆየም።

ትናንት ግን ደወለ። ሐሙስ ሚያዝያ 12፣ ረመዳን 29 ማታ፣ ለሂላል ስንወጣ የሩቅ ማያ መነጽር ይዞ እንዲመጣ ፈቃድ ጠየቀን። እንዲያመጣው ነገርነው። የሌሊት ተረኛ ከሆነ ግን ሥራውን እንዲያስቀድም፣ መነጽሩንም በልጁ እንዲልክልን።